በልደታ ቀን የቆረጥኩት አገዳ

አባቴ ባሕር ማዶ፣ ፍሪድሊ ከተማ ወዳለው ቤቴ በመጣ በሦስተኛው ቀን ጋቢውን ደርቦ ደጅ ወጣና ግቢዬን ከዳር እስከ ዳር አየው። ሐምሌ ነበር። ሣሩ ታጭዶና መድኃኒት ተረጭቶ አንድ አረም አይታይበትም። እንዲያደንቅልኝ አጠገቡ ቆሜ እጠብቃለሁ።

«የማን ከብት ነው የሚበላው?» አለኝ።

«ከብት የለንም፣ አባዬ።»

«ታዲያ ለማን ነው የምታጭጂው?»

«እንዲያምር ነዋ!»

ከደረጃው ላይ ተቀመጠና እስኪመሽ ድረስ ሣሩን ሲያይ ዋለ። ማታ ከሥራ ስመለስ፣ «ቀኑን ሙሉ ሁለት ንብ አየሁ» አለኝ። «ሁለቱም ሳያርፉ አልፈው ሄዱ። ምን ይውረዱበት?»

አባቴ ጎጃም ሠላሳ ቀፎ የነበረው ሰው ነው። እናቴ ከሞተች በኋላ ብቻውን ቀረ፤ እኔም ለምኜ፣ አልቅሼ፣ በመጨረሻም ተቆጥቼ አመጣሁት። ቀፎዎቹን ለወንድሙ አስረከበ። ልጄ ኮሌጅ ሄዳለች፤ ቤቱ ሰፊ ነው፤ ሐኪሙ ቅርብ ነው። ከዚህ በላይ ሰው ምን ይፈልጋል ብዬ ነበር። ትልቅ ሞኝ ነበርኩ።

የበረዶው ክረምት ሲገባ አባቴ ተኛ። ታመመ ማለቴ አይደለም። ሐኪሙ ደሙንም ልቡንም መርምሮ፣ «ደህና ናቸው፣ ብቻ ይንቀሳቀሱ» ብሎ ሰደደን። አባቴ ግን ከአልጋው የሚነሳበት ምክንያት አልነበረውም። እኔ ልብ ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው፤ የአሥር ሰዓት ሺፍቴን በማጉያ መነጽር ሥር አጎንብሼ እውላለሁ። ስመለስ ያስቀመጥኩለት ቁርስ እንደተቀመጠ አገኘዋለሁ። «አልራበኝም» ይለኛል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ። እዚያው አልጋ ላይ እንዳይሞትብኝ ፈራሁ። ሌላ ምንም ነገር እንዲህ አስፈርቶኝ አያውቅም።

ግንቦት ላይ፣ በረዶው ከጠፋ በኋላ፣ አንድ ትምህርት ቤት መኪና ማቆሚያው ላይ ችግኝ ይሸጣል ሲሉ ሰማሁ። ቃሪያና ጎመን ልገዛ አስቤ፣ አባቴንም በግድ ጫማ አልብሼ ይዤው ሄድኩ። እኔ ቃሪያ ስመርጥ እሱ ጠፋ። ዞር ስል፣ ከማዶ ጥፍሮቿ በአፈር የጠቆሩ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ፊት ጎንበስ ብሎ፣ ቅጠል በሁለት ጣቱ አሽቶ ያሸታል።

«ነይ አሽቺ!» አለኝ። «ጦስኝ!»

አሸተትኩት። ጦስኝ አይደለም፤ ቅጠሉ ሰፊ፣ ግንዱም ረጅም የሆነ የዚሁ አገር የሜዳ አበባ ነው። ሽታው ግን ቁርጥ ጦስኝ። ሴትዮዋ ሐምራዊ አበባ እንደሚያወጣ፣ ያገሬው ንቦች እንደሚወዱት ነገረችን።

«ስንት ቀፎ እንዳላት ጠይቂልኝ» አለ አባቴ።

ጠየቅኳት። ሳቀች። ቀፎ የላትም። የምትላቸው ንቦች ለየብቻ የሚኖሩ፣ አውራም መንጋም የሌላቸው፣ ከፊሎቹ መሬት ቆፍረው፣ ከፊሎቹ ደግሞ ደረቅ አገዳ ውስጥ ገብተው የሚወልዱ ናቸው። ማር የላቸውም። ግን አፕሉም ዱባውም የሚያፈራው እነሱ ከአበባ አበባ ስለሚሄዱ ነው፤ አሁን አበባ እያጡ ነው አለች። ይህን ሁሉ ለአባቴ ያስተረጎምኩለት እኔ ነኝ። እሷ ደረቅ አገዳ ከፍታ ውስጡን ስታሳየው፣ «በመኸር አትቁረጡት፤ በጸደይ እስከ ጉልበት ቁመት አስቀርታችሁ ቁረጡት፤ ከዚያ በኋላ አትንኩት፤ ገብተው የሚወልዱት እዚያ ነው፤ ልጆቹ በሚቀጥለው ጸደይ ይወጣሉ» ስትልም በእኔ አፍ ነው ያለፈው።

አባቴ አሰበ አሰበና፣ «እንደ ጣዝማ መሆናቸው ነው» አለ። ጣዝማ መሬት ውስጥ የምትኖር፣ ማሯ ለመድኃኒት የሚፈለግ ደቃቃ ንብ ናት። «ጣዝማስ ትንሽም ቢሆን ማር አላት። እነዚህ ግን ቤትም የላቸው፣ ዘመድም የላቸው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ግዢ» አለኝ።

ቃሪያዬን ትቼ ሃያ አራት ችግኝ ገዛሁ።

የሆነውን ላሳጥረው። አባቴ ሣሬን ገደለው። ከየሱቁ ያመጣሁለትን ካርቶን አነጠፈበት፤ ካርቶኑ ላይ አፈር አፈሰሰበት፤ ቀዳዳ እየከፈተ ችግኞቹን ተከላቸው። ያን ያህል ዘመን ውኃ ያጠጣሁት፣ ያሳጨድኩት ሣር! አንጀቴ አረረ። ግን አባቴ በማለዳ ይነሳል፤ ቁርሱን ጨርሶ ይበላል፤ ጉልበቱን አመመኝ እያለ ያማርራል። ያ ማማረር ለጆሮዬ ዘፈን ነበር፤ ስለዚህ ካርቶን ማመላለሴን ቀጠልኩ።

የመጀመሪያው ዓመት ብዙም አልታየበትም። በሁለተኛው ዓመት ግን ግቢው ፈነዳ። ያ ሐምራዊው ጦስኝ አከል፣ ቢጫው፣ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚወጣው፣ ደረቴ ድረስ የሚደርሰው። ንቡ ደግሞ አይጠየቅ! ጥቁሩ፣ ሸካራው፣ ጤፍ የምታክለው። አባቴ በጸደይ እስከ ጉልበቱ አስቀርቶ በቆረጣቸው አገዳዎች ፊት በርጩማ አስቀምጦ ይውላል። ንቦቹ ወደ አገዳው ገብተው ሲወጡ፣ ምግብ ሲያስገቡ፣ በመጨረሻም አፉን በጭቃ ሲመርጉት ያያል። ማታ ማታ ይነግረኛል። «ዛሬ አንዷ ቤቷን ዘጋች። አሥራ አምስት ጊዜ ጭቃ አመላለሰች።» እኔ ስልኬን እያየሁ «እሺ አባዬ፣ ጎሽ» እላለሁ።

በደንብ የሚሰማው ሰው ግን ነበር። ከጎናችን የወሎ ሰው የሆነች፣ ቅመማ ቅመም የምትሸጥ እስላም ጎረቤት አለችን። ሱቋን ከመክፈቷ በፊት ጠዋት ጠዋት አጥራችን ሥር ትቆማለች። «አባባ፣ እንዴት አደሩ? ንቦችዎስ?» ትለዋለች። እሱም የዕለቱን ዜና ያወራላታል። አንዳንዴ በአጥሩ ጠርዝ ላይ ጎንበስ ብላ አብራው ስታይ ከመስኮት አያታለሁ። ሥራ የላትም እንዴ እያልኩ እስቅ ነበር።

ከተከላው ወዲህ ሁለተኛው ክረምት አልፎ ፋሲካ ላይ፣ ዉድበሪ የምትባል ጎረቤት ከተማ የምትኖር ጓደኛዬ ልትጠይቀን መጣች። እሷ ቤቷ የመጽሔት ሥዕል የመሰለ ሴት ናት። ከመኪናዋ ሳትወርድ፣ «ኧረ ጉድ! ቤቱን ለቃችሁ ሄዳችሁ እንዴ? ግቢው እኮ ባለቤት የሌለው መሰለ!» አለች። ሁላችንም ሳቅን፤ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ግን ወደ ግቢው ዞርኩ። እውነትም ስመለከተው፣ በሰፈሩ ያለው ግቢ ሁሉ ማበብ ሲጀምር የእኛው ጉልበት የሚያክል ቡናማ አገዳ የተሰካበት ሜዳ ነበር።

የዚያን ዓመት ግንቦት ልደታን ደግሞ እኔ ነበርኩ የማስተናግደው። ልደታ እንደሌላው በዓል ቤት ውስጥ አይደለም፤ ንፍሮው የሚቀቀለውም የሚበላውም ደጅ ነው። ከአካባቢው ከተሞች፣ ከቡርንስቪልም ከዉድበሪም ሰው ይመጣል፤ ጎረቤትም ይጠራል። ዕለቱ በሥራ ቀን ስለዋለ ለቅዳሜ አደረግነው። እንግዳ የሚቀበለው ሳሎኔ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሁሉ ባልተፈጠረ ነበር። ግን እንግዳዬ ሁሉ ግቢዬን ሲያይ ሊውል ነው። ያቺ የዉድበሪዋም ትመጣለች።

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ቅዳሴ ሄደ። እኔ ቡናማዎቹን አገዳዎች እያየሁ ቆምኩ። ሰው ምን ይላል? ይህን ሁሉ ዓመት ለፍታ፣ ኦቨርታይም ሠርታ የገዛችውን ቤት ጫካ አደረገችው ይላላ! መቁረጫውን አመጣሁ። አንድ በአንድ ከሥራቸው ቆረጥኳቸው። አፋቸው ላይ የደረቀው ጭቃ ይታየኛል፤ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። አላወቅሁም ብል እዋሻለሁ። ንቦች አይደሉ፣ ሌሎች ይመጣሉ፣ አባቴም ይቅር ይለኛል አልኩ ለራሴ። በግማሽ ሰዓት ግቢው ጠረግ አለ። ክምሩን ከእሳት ማንደጃው አጠገብ አደረግኩት።

እንግዶች ሲመጡ እሳቱ ተያያዘ። ከቡርንስቪል የመጣው የጓደኛዬ ባል፣ «አሪፍ ጭራሮ ነው! እንደ ላምባ ነው የሚነደው» እያለ እየጨመረ ያነድዳል። የወሎዋ ጎረቤቴም መጣች። ረመዷን ስለነበር ጾማለች፤ ቢሆንም ልታማስል፣ ልታግዝ ነው የመጣችው። ክምሩን አየችና ቀረብ አለችኝ።

«አንቺዬ፣ እነዚህ የአባባ አይደሉም እንዴ?»

«ደረቅ ጭራሮ ነው ባክሽ» አልኳት። «ዝም ብለሽ እሳቱን አራግቢልኝ።»

ትንሽ አየችኝና ሄደች። ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረገች አላየሁም፤ እንግዳ እየተቀበልኩ ነበር። ያቺ የዉድበሪዋ ጓደኛዬ ገብታ ግቢውን አየችና፣ «አሁን ነው ቤት የመሰለው!» አለችኝ። እኔም ደስ አለኝ። ያን ደስታ ሳስታውስ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

አባቴን ከቤተ ክርስቲያን ድራይቭ አድርጎ ያመጣው አንድ የአጥቢያችን ምእመን መኪናውን ሲያቆም ንፍሮው በስሎ ነበር። አባቴ ወርዶ ወደ ግቢው መጣ። ቆመ። መጀመሪያ አገዳዎቹ የነበሩበትን ቦታ አየ፤ ቀጥሎ እሳቱን አየ። እኔን አላየኝም። ሰው ሁሉ፣ «አባባ ደረሱልን! ይመርቁልን!» ብሎ ተነሳ። ከሁሉም ትልቅ እሱ ነው፤ ያለ እሱ ማን ይመርቃል?

ዱላውን ተደግፎ ቆመና መረቀ። «ለከርሞ በሰላም ያድርሳችሁ። ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ። ይህን ቤት እግዚአብሔር ያስፋው፣ ባለቤቷን ይጠብቃት።» አንድም ነገር አላስቀረም። ድምፁም አልተንቀጠቀጠም። ሰው ሁሉ «አሜን» አለ። በሰው ፊት ቢቆጣኝ፣ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ምርቃቱን ጨርሶ ቤት ገባ፤ ያን ቀን ተመልሶ አልወጣም። «ደክሟቸው ነው» አልኩ ለእንግዶቹ።

እሑድ አልተነሳም። ቁርሱን አስቀመጥኩለት፤ እንደተቀመጠ ቀረ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«አባዬ፣ አጥፍቻለሁ። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው። ይቅር በለኝ።»

«ምን ይቅርታ ያስፈልገዋል?» አለ ፊቱን ሳያዞር። «ቤቱ ያንቺ ነው። እኔ እንግዳ ነኝ።»

እንግዳ! ሁለት ዓመት አፈር ያነሳ፣ ያጠጣ፣ ያሳደገ ሰው። ከክፍሉ ወጥቼ ወጥ ቤት ቆሜ አለቀስኩ። የመጀመሪያውን ክረምት አስታወስኩ፤ ያው አልጋ፣ ያው ግድግዳ። አሁን ግን ያስተኛሁት በገዛ እጄ ነው።

ሰኞ ጠዋት ሥራ ልሄድ ስል በሩ ተንኳኳ። የወሎዋ ጎረቤቴ ናት።

«አባባ ተነሥተዋል?»

«አልተነሡም» አልኳት።

ቀጥታ አልፋኝ ገባች። የክፍሉ በር ላይ ቆማ፣ «አባባ!» አለች ጮክ ብላ። «ይነሱ እንጂ! ንቦችዎ እኔ ዘንድ ተሰደው መጥተው እኮ ምን እንደማበላቸው ጨንቆኛል።»

አልጋው ሲጥ ሲል ሰማሁ።

ኋላ ስሰማ፣ ያን ቅዳሜ እኔ እንግዳ ስቀበል፣ የቡርንስቪሉ ሰውዬ ወደ ጠረጴዛው ዞር ባለ ቁጥር እሷ ከክምሩ ውስጥ አፋቸው በጭቃ የተመረጉትን እየለየች በሻርፗ ሥር ትይዝ ነበር። አባቴ የትኛው እንደሆነ አሳይቷት ስለነበር ታውቃቸዋለች። ያተረፈቻቸው አንድ እቅፍ ናቸው። በሲባጎ አስራ፣ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኘው የጋራዧ ጣሪያ ጠርዝ ሥር ሰቅላቸዋለች። ከዚያ ድርሻዋን ንፍሮ ለማፍጠሪያዋ ቋጥራ ሄዳለች። እኔን አልነገረችኝም። ብነግራትም ትሰማኛለች ብላ አላሰበችም መሰለኝ፤ ልክ ነበረች።

አባቴ ካልሲውን እንኳ ሳይቀይር ተከትሏት ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ይነሳል። ቁርሱን ይበላል። ግን ወደ ጎረቤቴ ቤት ሲሄድ በአቋራጭ፣ በግቢያችን በኩል ባለችው የአጥር በር አያልፍም። በፊት በር ወጥቶ፣ በመንገዱ ዞሮ፣ ዱላውን እየተመረኮዘ ነው የሚደርሰው። በእኛ ግቢ ሐምራዊው ከሥሩ እያቆጠቆጠ፣ ወተት የሚወጣው ቀንበጥ እየወጣ ነበር፤ ዞር ብሎም አላየውም። ከመስኮት ሆኜ አየዋለሁ። መነሣቱ ደስ ይለኛል፤ በሌላ ሰው ግቢ በርጩማ ላይ መቀመጡ ደግሞ ያንገበግበኛል። ቀናሁ፤ ምን እደብቃለሁ። አባቴን ያዳነችልኝን ሴት ቀናሁባት። ሁለት ሳምንት እንዲህ አለፈ። አመሻሹ ላይ ግቢውን ለብቻዬ አጠጣለሁ፤ ምናልባት ያያል ብዬ።

ዴይ ኦፍ ሆኜ ከሥራ ያረፍኩበት ቀን ነው። ግንቦት ሊያልቅ ነው፤ ፀሐዩ ጥሩ ሙቀት አለው። ሰሃን እያጠብኩ ሳለ ድምፁን ሰማሁት፤ በአጥሩ በኩል እየጠራኝ ነው።

«ልጄ! አንቺ ልጅ! ቶሎ ነይ!»

እጄን ሳላደርቅ ሮጥኩ። ወድቆ ነው ብዬ ነበር። ደህና ነው፤ ጋራዡ ሥር ቆሟል፤ ጎረቤቴ አጠገቡ አለች። ወደ አንዱ አገዳ አፍ እየጠቆመ ነው።

«መነጽሬ አላሳይ አለኝ» አለ። «የሷም ዓይን አልደረሰበትም። አንቺ ቀጭን ነገር ስታዪ አይደል የምትውዪው? እዪልኝና ንገሪኝ።»

ተጠጋሁ። ጭቃው ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ነገር አለች። ውስጧ ይንቀሳቀሳል።

«እየፈለፈለች ነው፣ አባዬ። ከውስጥ።»

«በርቺ በያት። ምን ይታይሻል?»

«ጭቃው ወደቀ። አፏ... ጭንቅላቷ ወጣ። ቀንዷም ወጣ፤ ሁለቱም።»

«ቀለሟስ?»

«ጥቁር ናት። ቆይ፣ ሰማያዊ ነው። ፀሐይ ሲነካት ሰማያዊ ትሆናለች።»

«እያት!» አለ ለጎረቤቴ። «ሰማያዊ ናት አላልኩሽም? ሐምሌ ላይ አይቻት ነበር እኮ!» ከዚያ ለኔ፣ «አሁንስ?»

«ወጣች። አገዳው ጫፍ ላይ ቆመች። በፊት እግሯ ፊቷን እየጠረገች ነው።»

አባቴ ሳቀ። ከልደታ ጀምሮ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። «ገና መነሣቷ ነዋ። አታስቸኩያት።»

እጁ ትከሻዬ ላይ ነበር፤ መቼ እንዳሳረፈው አላስታውስም። ክብደቱ ይሰማኛል። ንቧ ክንፏን አንድ ሁለቴ አራገበችና ተነሣች።

«በረረች» አልኩት።

«ወዴት ሄደች?»

እውነቱን ለመናገር ወዴት እንደሄደች አላየሁም። ዓይኔ ዕንባ ሞልቶ ነበር፤ ከፊቴ ያለው ሁሉ ብርሃን ብቻ ነው።

«ወደ እኛ ግቢ» አልኩት።

አባቴ ዱላውን ከጋራዡ ግድግዳ ላይ አነሣ።

«ታዲያ ምን ቆመን እንጠብቃለን?» አለኝ። «ያዢኝ፤ በዚህ በኩል በአቋራጭ እንሂድ።»